ቅዳሜ ጠዋት «ጥናት አለኝ»

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «የምማረው ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንፈሳዊ ክበባችን ጋር ስድስት ኪሎ ማዘር ተሬዛ እየሄድን በሽተኞች እንጠይቃለን። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ‹ሃይማኖትሽን ሊያስለውጡሽ ነው› እንዳትለኝ ‹ጥናት አለኝ› እያልኩ ነው የምወጣው። ኃጢአት ነው እንዴ?»

እህቴ፣ በሽተኛ መጠየቁማ ምኑ ኃጢአት ነው! ውሸቱ ነው እንጂ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የአገራችን ካቶሊኮች ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። እዚያ ትምህርት ቤት አጠገብሽ የሚቀመጡት ብዙዎቹ እንዳንቺው የሌላ እምነት ልጆች ናቸው።

እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። አንድ ቀን እማዬ ደረሰችብኝ። ያለቀሰችው ግን ካቶሊክ ሆንሽ ብላ አይደለም፤ «ሰባት ወር ሙሉ ዋሸሽኝ» ብላ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። የአንዲት አሮጊት ፀጉር ስትሠራ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት የምትቀሰቅሰኝ እሷው ሆነች።

ስለዚህ ዛሬውኑ ንገሪያት። ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ! ከክበቡ ኃላፊ ጋርም አገናኚያት። «ሃይማኖትሽን ቀይሪ» የሚልሽ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምትነግሪው ለእሷ ይሁን።

እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!