ማዳቀል ሁሉ ዝርያ መቀላቀል አይደለም

«ማዳቀል» ከ«ዲቃላ» ጋር አንድ ሥር ስላለው ትርጉሙ የፈረንጅን ዝርያ ከአገር ዝርያ ጋር መቀላቀል ብቻ ነው የሚለው አስተያየት በእርሻ ባለሙያዎችም በቋንቋ አዋቂዎችም ዘንድ ሥር ሰዷል። የቃላቱ ዝምድና እውነት ነው። በየከተማው ዳር የምናያቸው የተዳቀሉ ላሞችም በአብዛኛው የፈረንጅ ደም አላቸው። ድምዳሜው ግን በሦስት ምክንያት አይጸናም።

አንደኛ፣ አስተያየቱ ዘዴን ከውጤት ያምታታል። ሰው ሠራሽ ማዳቀል የኮርማን አባላዘር በመሣሪያ ወደ ላሚቱ ማሕፀን ማድረስ ነው፤ የኮርማውን ዝርያ ዘዴው አይወስንም። የቃሊቲው የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል ከፈረንጆቹ ከሆልስታይንና ከጀርሲ ሌላ የአገሮቹን የቦረናና የሆሮ ኮርማዎች አባላዘር አዘጋጅቷል። የቦረና ላም በቦረና አባላዘር ስትዳቀል ምን ከምን ተቀላቀለ? ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ያለው እንጭኒ አካባቢ ነው። ከተማዋ መቀመጫው በሆነችለት በአዳ በርጋ ወረዳ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ከዴንማርክ በመጡ እርጉዝ ጊደሮች የተመሠረተ የጀርሲ መንጋ አለ። ይህ መንጋ ንጹሕነቱን የጠበቀው ጀርሲን ከጀርሲ ጋር በማራባት ነው፤ አባላዘሩ በመሣሪያ ቢገባም ጥጃው ያው ጀርሲ ነው። በአንጻሩ ክልስ ወይፈን በግጦሽ ላይ የአገር ላም ቢያጠቃ፣ መሣሪያም ባለሙያም ሳይኖር ዝርያ ይቀላቀላል።

ሁለተኛ፣ የቃል ምንጭ የቃልን የዛሬ ፍቺ አያስርም። አዳ በርጋ በሚገኝበት በምዕራብ ሸዋ፣ ከባኮ ምርምር ማዕከል በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ቢኤች 660 በቆሎ የተዳቀለ ዘር ነው፤ የዲቃላነት ነቀፋ ግን አልተከተለውም። በበቆሎ ረገድ ማዳቀል በእርግጥ የተለያዩ ወላጆችን ማገናኘት መሆኑን አልክድም፤ ገበሬው ዘሩን በየዓመቱ የሚገዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ አንዱ ቃል በሁለት ሙያዎች ሁለት ፍቺ ይዟል ማለት ነው። የአንዱን ወስዶ በሌላው ላይ መጫን ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ማዳቀል ማለት ዝርያ ማሻሻል ነው ብሎ ያመነ አርቢ «ላሜ ተዳቅላለች» ካለ በኋላ በየትኛው ኮርማ ብሎ አይጠይቅም። ግማሽ የሆልስታይን ደም ያላት ላም በንጹሕ ሆልስታይን ብትዳቀል ጥጃዋ የሆልስታይን ደሙ ሦስት አራተኛ ይደርሳል፤ በሆሮ ብትዳቀል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የሁለቱ ጥጆች መኖ፣ በሽታን የመቋቋም አቅምና የወተት ተስፋ ለየቅል ነው። ስለዚህ የእርባታ መዝገብ «ተዳቅላለች» ከሚለው ቃል ጎን የኮርማውን ዝርያና መለያ ቁጥር፣ የላሚቱንም የደም መጠን ሊይዝ ይገባል።