የሙዝ ልጅ ባለቤት የለውም ያለው ማነው?

ለሰፈራችን ማኅበር አባላት በሙሉ፤

ስለ ጋራ ጓሯችን በዚህ ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ የመጀመሪያችን አይደለም። ባለፈው ስለ ውኃ መውረጃው ጽፈን አንዳንዶቻችሁ አንብባችሁ አስተካከላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ወረቀቱ ጥግ ላይ የስልክ ቁጥር ጻፋችሁበት። ይሁን። የአሁኑ ግን ከዚያ የባሰ ነው። የሙዝ ነገር ነው።

እንደምታውቁት ለእያንዳንዱ አባል የተደለደለችው መደብ በእርምጃ ብትለካ ዐሥር አትሞላም። በዚህችው ላይ አንዱ ጎደሬ፣ አንዱ ጎመን፣ አንዱ እንሰት ተክሏል። ሙዝ የተከሉትም መብታቸው ነው፤ አልከለከልንም። ችግሩ ተክሎ ዞር ማለቱ ነው። ሙዝ እንደ ቡና በተተከለበት ቆሞ አይቀርም። ግንዱ አንድ ጊዜ ዘለላ ከሰጠ በኋላ ይሞታል፤ ከመሬት በታች ያለው፣ እንደ እንሰት አምቾ ያለው ሥሩ ግን በዙሪያው ልጅ እያወጣ ይሄዳል። ዘንድሮ አንድ የነበረው ከርሞ አምስት ሆኖ ወሰን ይሻገራል፤ የጎረቤት ጎመን በጥላ ይነጣል። ፍጉን ተሸክሞ ያፈሰሰው ጎረቤት፣ ፍጉን የሚበላው የሌላ ሰው ሙዝ!

ስንጠይቃቸው የሚሰጡን መልስ ይገርማል። «እኔ የተከልሁት አንድ ነው፤ የቀረውን እግዜር ነው ያወጣው» ይላሉ። ለመሆኑ ዘለላው ሲደርስ ገበያ ይዞት የሚወጣው እግዜር ነው ወይ? ሲያፈራ «የኔ ነው»፣ ሲያጠላ «ራሱ የበቀለ ነው» ማለት በማኅበራችን ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

ሌሎች ደግሞ ቆርጠናል ይሉናል። እውነት ነው ቆርጠዋል፤ በገጀራ ከመሬት በላይ ሸልተው። የሙዝ ልጅ እምብርቱ ከታች ስለሆነ እንዲህ የተቆረጠው ብዙም ሳይቆይ መልሶ ብቅ ይላል። አፈሩን በዶማ ገልጦ እምብርቱን ጎርጉሮ ማውጣት ያስፈልጋል። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ግንድ ይበቃል፦ ዘለላ የያዘችው እናት፣ ከእሷ ቀጥላ የምታፈራው ልጅ፣ ከዚያም የልጅ ልጅ። የምታስቀሩትም ቅጠሉ እንደ ጦር የቀጠነውን ይሁን፤ ገና ከመሬት ሳይርቅ ሰፊ ቅጠል የዘረጋው ለዓይን ያምራል እንጂ ደካማ ነው። ሃያ ግንድ ተጨናንቆ እንደ ጣት የቀጠነ ፍሬ ከሚሰጥ፣ ሦስቱ ደህና ዘለላ ቢሰጡ ተጠቃሚው ማነው? ባለሙዙ ራሱ አይደለም እንዴ?

እስካሁን ያልነው የጎረቤት ጠብ ነው፤ በሽማግሌ ያልቃል። በሽማግሌ የማያልቀው በሽታው ነው። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ በሀገራችን መኖሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በተመራማሪዎች ተጽፏል። ያው በሽታ ሙዝንም እንደሚይዝ በ1974 ተገለጠ። በ2001 ኡጋንዳ ላይ ታይቶ የዚያን አገር ሙዝ ክፉኛ ጎድቷል። እነሱ ያጡት ሙዝ ነው፤ እኛ የምናጣው ደግሞ ኡታውን ነው። ቆጮው፣ ቡላው፣ አምቾው፣ ቃጫው፣ ለላሟ የሚቆረጠው ቅጠል ሳይቀር ከዚያ ነው። እንሰት ደግሞ ለዓመታት ተጠብቆ የሚደርስ ነው፤ ዛሬ ጠውልጎ ነገ አይተካም።

በሽታው ከሚዛመትባቸው መንገዶች ዋናው ስለት ነው። በታመመ ሙዝ ላይ ያረፈ ገጀራ ሳይጸዳ እንሰት ላይ ሲያርፍ በሽታውን ይዞለት ይሄዳል። ገጀራ መዋዋስ የሰፈራችን ደግ ልማድ ነው፤ አትዋዋሱ አንልም። ነገር ግን ስለቱ እሳት ላይ ይለብለብ፣ ወይም በበረኪና ይታጠብ። በቅጠል መጥረግ አይበቃም። ደግሞስ ጫካ በሆነ ሙዝ መካከል የጠወለገውን ማን ያየዋል? የምንቆጣው ለዚህ ነው እንጂ ለጥላው ብቻ አይደለም።

በስብሰባ ላይ «እንዲያው ሙዝ የተባለ ሁሉ ተነቅሎ ይውጣ» ያሉም ነበሩ። ይህንንም አንስማማበትም። ሙዝ ሸጠው ለልጆቻቸው ደብተር የሚገዙ እናቶች በመካከላችን አሉ። በንዴት ገጀራ ይዞ ከመደብ መደብ መዞርም በሽታውን ከማስፋፋት በቀር የሚፈይደው የለም።

እኛም ንጹሕ ነን አንልም። ከማኅበሩ ቤት ጀርባ ያለው ሙዝ ሁለት ክረምት ሳይነካ አልፏል፤ አንዲት አባል ናት በአደባባይ ነግራን ያፈርነው። ስለዚህ ሥራው ከዚያው ይጀመራል።

በመሆኑም ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሙዝ ያላችሁ ሁሉ ዶማና ገጀራ ይዛችሁ ተገኙ፤ በረኪናውና ባልዲው ከማኅበሩ ነው። ወሰን የተሻገረውን ልጅ ባለቤቱ ራሱ ይነቅላል። ባለቤቱ ካልመጣ የወሰንተኛው ጎረቤት ባለበት ማኅበሩ ይነቅላል፤ በኋላ «ሙዜን» ብሎ መክሰስ የለም። ቅጠሉ ከመካከል ጀምሮ ቢጫ እየሆነ የጠወለገ፣ ወይም ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያወጣ ያየ ሰው ሌላ ተክል ሳይነካ ለእኛ ወይም ለግብርና ባለሙያው ይንገር። እንዲህ ያለው ተክል ከነሥሩ ወጥቶ እዚያው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል እንጂ መንገድ ላይ አይጣልም፣ ለከብትም አይሰጥም።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሻንቶ