ከወለል ሥር የሚወጣው ጋዝ

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ቀለምም ሽታም ስለሌለው፣ ሬዶን ስለሚባል ጋዝ እንነጋገራለን።

በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ያለው ዩራኒየም በረጅም ዘመን እየፈራረሰ ሬዶንን ያስገኛል። ጋዙ ሜዳ ላይ ሲወጣ ከነፋስ ጋር ይበተናል። በወለል ስንጥቅ ወደ ተዘጋ ቤት ሲገባ ግን ይጠራቀማል። ከእርሱ የሚገኙት ጥቃቅን ቅንጣቶች ከአየር ጋር ሲሳቡ ሳንባ ላይ ተለጥፈው በጨረራቸው ይጎዱታል።

ብዙ ሬዶን ይተነፍሱ በነበሩ የማዕድን ቆፋሪዎች ላይ ጉዳቱ ጎልቶ ታይቷል። «ትንሹስ ይጎዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ተመራማሪዎችን ብዙ አድክሟል። የትንሽ ነገር ጉዳት በአንድ ቤት ወይም በአንድ መንደር አይለይምና። ስለዚህ በአውሮፓ 13 ጥናቶች ተደምረው ከ7,000 በላይ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ከ14,000 በላይ ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ውጤት መሠረት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ሬዶኑ በ100 ቤክሬል በጨመረ ቁጥር ሥጋቱ በ16 በመቶ ገደማ ይጨምራል። «ከዚህ በታች አይጎዳም» የሚያሰኝ ወሰንም አልተገኘም።

ከማያጨሱ 1,000 ሰዎች መካከል እስከ 75 ዓመታቸው በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት ሬዶን በሌለበት 4 ገደማ፣ 400 ቤክሬል ባለበት 7 ገደማ እንደሆኑ ተሰልቷል። ከአጫሾች ግን 100 ያህል የነበሩት 160 ይደርሳሉ። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ልዩነት አስተውሉ!

ብዙ ቤቶችን ለክቶ እውነቱን መፈለግ ለእኛም አካባቢ እንግዳ አይደለም። በቡታጅራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የገጠር ጤና ጥናት ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ቆይቷል። እዚያው ከ3,000 በሚበልጡ ቤቶች ከማገዶ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። አማካዩ የዓለም ጤና ድርጅት በወቅቱ ካስቀመጠው ዓመታዊ ወሰን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ስንል ቤታችን ሁሉ ሬዶን ሞልቶበታል ማለታችን አይደለም፤ መጠኑ በመሣሪያ ካልተለካ አይታወቅም። ነገር ግን ጭሱንም ጋዙንም የሚቀንሰው አንድ ነገር ነው፦ ንጹሕ አየር። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ብርዱን ፈርተን በርና መስኮት ዘግተን እናድራለን። ቢያንስ ሲነጋ እንክፈት፤ ቆጮ ሲጋገርም እናቶችና ሕፃናት በጭስ አይታፈኑ። የወለሉ ስንጥቅ ይደፈን፤ ሲጋራ ደግሞ ጨርሶ ከቤት ይውጣ።

አላህ ቤተሰቦቻችንን በጤና ያቆይልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።