ወጥመዱ የተጠመደው ለማን ነው?

ባለፈው ክረምት ከሚሴ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። የጨፋ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት፣ ዝናቡም ከቤት አላስወጣ ብሎን ሳለ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «አጎቴ፣ ይምጡ፤ መጻሕፍት ስለሚወዱ አንድ ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍት ላሳይዎት» አለኝ።

ያሳየኝ «ቶም ሬይደር» የተባለውን ተከታታይ ጨዋታ 4ኛ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሲሆን በ2025 ታድሶ ለዛሬ ልጆች ቀርቧል። ጀግናዋ ላራ ክሮፍት እስክንድርያ ደርሳ «የጠፋው ቤተ መጻሕፍት» ወደሚባለው ምዕራፍ ትገባለች። ወለሉ ይከዳል፤ በሮች በምስጢር ይከፈታሉ፤ አንዱን እንቆቅልሽ ፈታሁ ስትል ሌላው ይጠብቃታል። ልጁ ሦስት ጊዜ ሞቶ በአራተኛው አለፈ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምመለከተው።

ውድ አንባቢያን፣ ጨዋታውን ላወግዝ አልተነሣሁም። አንድን ጎረምሳ ስለ እስክንድርያ መጻሕፍት እንዲጠይቅ ያደረገ ነገር በእኔ ዘንድ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ጉዳይ ከነከነኝ። በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ አንባቢ የለም። ላራም ብትሆን የምትፈልገውን ዕቃ አንሥታ ትሄዳለች እንጂ ቁጭ ብላ አንድ ገጽ ስታገላብጥ አላየናትም። ጨዋታው ሳይናገር የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ጥንታዊ መጽሐፍ ባለቤት የለውም፤ ወጥመዱን ያለፈ ሁሉ ይወስደዋል።

እውነተኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ስለዚያው ስለ እስክንድርያ ሐኪሙ ጋሌኖስ የተወልን ወሬ አለ። ወደቡን የረገጠ መርከብ ሁሉ እየተበረበረ መጻሕፍቱ ይወሰዱና ይገለበጡ ነበር ይላል፤ ዋናው በቤተ መጻሕፍቱ ይቀራል፣ ለባለቤቱ ግልባጩ ይመለሳል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የራሳችን መቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ያከማቹት መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) የእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ። ምርኮው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ከአምባው ወረደ። 350 ያህሉ ብራና ዛሬም ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የእኛ ተመራማሪ ወይ ባሕር ተሻግሮ ያነባል፣ ወይ ፎቶግራፉን ይመለከታል። ዋናው እዚያ፣ ግልባጩ እዚህ፤ ልክ እንደ መርከበኞቹ።

በከሚሴና በአካባቢዋም መጻሕፍት አሉ፤ ነገር ግን ከምድር በታች ባለ አዳራሽ አይደለም። በየመስጊዱ፣ በየሐድራው፣ በየሸኾቹ ቤት በሣጥንና በቆዳ ማኅደር የተቀመጡ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ናቸው። ዐረብኛ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የወሎ ዑለማ በዐረብኛ ፊደል አማርኛና ኦሮምኛም ጽፈዋል፤ አጀሚ የሚባለው ይህ ነው። ሸህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቅ መንዙማቸውን በዚህ መንገድ አስተላልፈዋል። የታሪክ ሊቁ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ወሎ እስልምና ያሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን ዑለማ ዓለም አሳይቶናል።

የእነዚህ ኪታቦች ወጥመድ የተጠመደው ለአንባቢው ሳይሆን ለራሳቸው ነው። ምስጥ አለ፤ የሚያፈስ ጣሪያ አለ፤ በችግር ቀን የሚመጣ ገዢ አለ። ጦርነትም አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደሴ በተያዘችበት ጊዜ ሙዚየሟ እንዴት እንደተዘረፈ አይተናል። ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን ዝምተኛው ነው፤ ፊደሉን የሚያነብ ሽማግሌ በሞተ ቁጥር መጽሐፉ ሳይሰረቅና ሳይቃጠል ይጠፋል።

ዝናቡ ባባራ ጊዜ ልጁን ይዤ አንድ የማውቃቸው ሸህ ዘንድ ሄድኩ። በሩ የተከፈተልን በሰላምታ ነው። ቡና ተፈላ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ተጠየቀ፤ የአያቱ ስም ሲነገር ሣጥኑ ቀረበ። ልጁ ገጹን አይቶ «ዐረብኛ አልችልም» አለ። ሸሁ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ። ጥቂት እንዳነበቡ የልጁ ፊት በራ፤ «አጎቴ፣ ኦሮምኛ እኮ ነው! የእኛው ቋንቋ!» አለና እጁን ወደ ገጹ ሰደደ። «መጀመሪያ ታጠብ» አሉት ሸሁ፤ ሳቅን።

የኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ኪታቦቹ ባሉበት ይኑሩ፤ በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ከዚህም ጋር ወጣቶቻችን አጀሚ ማንበብ ይማሩ፤ ያለ አንባቢ ፎቶግራፉም ሌላ ሣጥን ነውና። ጨዋታ መሥራት የሚያውቁ ልጆቻችንም አንድ ቀን በሩ በሰላምታ የሚከፈትበትን፣ አሸናፊው መጽሐፉን አንብቦ ከቦታው የሚመልስበትን ጨዋታ ቢሠሩልን እኔም፣ በስተርጅናዬ፣ እጫወተዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ከሸሁ ዘንድ በሳምንት አንድ ቀን ይሄዳል። ፊደሉን ገና አልጨረሰም።

ቸር ይግጠመን።