የመንገድ ብድርና የባላገሩ ዕዳ በአርካንሳስ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ውስጥ አርካንሳስ የምትባለው ግዛት በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1933 ዓመተ ምሕረት ዕዳዋን መክፈል ተሳናት። በዚያ የችግር ዘመን ከግዛቶቹ ሁሉ እንዲህ የሆነች እርሷ ብቻ ናት።

ዕዳው የመጣው ከመንገድ ሥራ ነው፤ መንገድም ክፉ ነገር አይደለም፤ ጥጡ ከማሳ ወደ ገበያ የሚደርስበት ነውና። ነገር ግን ባለርስቶች በየወረዳው ማኅበር እያቆሙ፥ መሬታቸውን ዋስ እያደረጉ ከልክ በላይ ተበደሩ። በ1927 ግዛቲቱ ይህን ዕዳ ከርስታቸው ላይ አንሥታ በራስዋ ጫነች፤ ለአዲስ መንገድም ሌላ ብድር ጨመረች። በዚያው ዓመት ጎርፍ ማሳውን አጥለቀለቀው፤ በ1930 ዝናብ ቀረ፤ የጥጥም ዋጋ ወደቀ። ወለድ ግን ጎርፍና ድርቅ አያውቅም።

ዕዳውን ማንሣት ለባለርስቱ ምሕረት መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ ዕዳው አልጠፋም፤ ከፋዩ ተለወጠ እንጂ። ገንዘቡ የሚወጣው ከቤንዚን ቀረጥና ከመኪና ፈቃድ ስለ ነበረ፥ አንድ ጥማድ መሬት የሌለው ሰው እንኳ ባለርስቱ የተበደረውን ከፋይ ሆነ። ይህ ፍርድ የጎደለው ነገር ነው፤ ለመንገዱ ጥገና የሚተርፈውም እጅግ አነሰ።

ግዛቲቱ በ1933 ወለዱን በሕግ ልታሳንስ ብትሞክር አበዳሪዎች ከሰሷት፤ በ1934 አዲስ የአከፋፈል ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ሕዝቡ ድምፁን ሳይሰጥ የብድር ሰነድ እንዳይወጣ በሕገ መንግሥቱ ተጻፈ። በ1941 የማዕከላዊው መንግሥት የብድር ድርጅት የ136 ሚሊዮን ዶላር አዲስ ሰነድ ጠቅልሎ ገዛ፤ የቀድሞውም ዕዳ በዚህ ተተካ።