ገመዱ መርፌውን ሲቀድም

ከዓለም ገና አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለመድረስ በአየር ጤናና በጦር ኃይሎች በኩል ያለውን መጨናነቅ መቻል ነው። አእምሮው ታውኮ የሚታገል ታማሚ የያዘ ቤተሰብ ታዲያ በእጁ ያለው «ማረጋጊያ» ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ገመድ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ግን ምርጫ ባለበት ሁሉ ወጪ አለ። ሆስፒታል እስኪደረስ የትኛው መድኃኒት ያዋጣል?

«ፈጣኑ ነዋ!» ማለት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ጥናት በአምቡላንስ ባለሙያዎች የሚሰጡ ሁለት መርፌዎችን አወዳድሯል። ኬታሚን በ5 ደቂቃ፣ ሃሎፔሪዶል በ17 ደቂቃ ገደማ አረጋጉ። እሺ፣ ኬታሚን አሸነፈ? ቆይ! ኬታሚን ከተሰጣቸው 39 በመቶዎቹ በኋላ የመተንፈሻ ቱቦ አስፈልጓቸዋል፤ ሃሎፔሪዶል ከተሰጣቸው ግን 4 በመቶ ብቻ። 12 ደቂቃ ለማትረፍ የሚከፈለው ትንፋሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኦክስጅንና ቱቦ የሚያስገባ ባለሙያ ለሌለው መኪና ይህ ኪሳራ ነው።

ለአቅማችን የሚቀርበው የብራዚሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው በሪዮ ዲ ጄኔሮ የተደረገ ሙከራ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሚዳዞላም 89 በመቶውን፣ ሃሎፔሪዶል ከፕሮሜታዚን ጋር ደግሞ 67 በመቶውን እንዳረጋጉ አሳየ። ሚዳዞላም ፈጣን ነው፤ ግን ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። ሃሎፔሪዶል ብቻውን ሲሰጥ አንገትና መንጋጋ ሊያጣምም ይችላል፤ ለአለርጂ የምናውቀው ርካሹ ፕሮሜታዚን ይህን ይከላከላል። የለመድነው ዲያዜፓም ደግሞ ጡንቻ ላይ ሲወጋ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት አይታመንም።

ስለዚህ የእኔ ሒሳብ ይህ ነው፦ ለእኛ መንገድ የሚያዋጣው ሃሎፔሪዶልና ፕሮሜታዚን፣ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የደም ስኳር ይለካ፣ የጭንቅላት ጉዳትም ይፈትሽ፤ የሚታገል ሁሉ የአእምሮ ታማሚ አይደለምና። ከወጋ በኋላም እስከ ሆስፒታል ትንፋሹን ይከታተል። ቤተሰብ ግን መድኃኒት ገዝቶ በራሱ እንዳይወጋ፤ ታማሚውንም በደረቱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ አይጫን፤ ትንፋሽ ያሳጣልና።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። አምቡላንስ ስንል የሚታወሰን ምጥና የመኪና አደጋ ነው። የከተማው ጤና ኃላፊዎች ለታወከ ታማሚም ግልጽ መመሪያ፣ ሁለቱን መርፌዎችና ሥልጠና ይመድቡ። ወጪው ብዙ አይደለም። በገመድ ታስሮ የመጣ ሰው ግን ነገ ሕክምና ሲባል የሚያስታውሰው ገመዱን ነው፤ ያኔ ክትትሉን ይሸሻል፣ ሕመሙም ያገረሻል። ያ ደግሞ ከመርፌው ይበልጥ ያስወጣናል።