የክሬን ቀበቶ ማን ይመርምር?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ትንሽ መስሎ ስለሚታይ፥ ነገር ግን የሰው ነፍስ ስላለበት አንድ ጉዳይ የጻፍሁትን ይህን ደብዳቤ በአንባብያን ዐምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የማቻከል ወረዳ ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ቀድሞ በባሕር ዛፍ ርብራብና በሰው ትከሻ ይወጣ የነበረው ከባድ ዕቃ ዛሬ ዛሬ ክሬን በተገጠመለት መኪና ሲነሣ እናያለን። ይህ የሥልጣኔ ምልክት ስለ ሆነ የሚጠላው የለም። ዳሩ ግን ሁላችንም አንጋጠን የምናየው ክሬኑን ነው እንጂ ክሬኑንና ዕቃውን የሚያገናኘውን የጨርቅ ቀበቶ ልብ የሚለው የለም።

በቅርቡ ከትምህርት ቤት ስመለስ፥ አንድ ሥራ ተቋራጭ ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚሆን የብረት ማማ ሲያነሣ ቆሜ ተመለከትሁ። ብረቱ አንድ ሰው ቁመት ያህል ከፍ እንዳለ ቀበቶው በጠርዙ ላይ ተቆረጠና ወደቀ። በጎን ሆኖ በእጁ ይገፋ የነበረው ወጣት ባንድ እርምጃ ተረፈ፤ አምና ተማሪዬ ነበር። ሕዝቡም «አማኑኤል አወጣው» ብሎ ተበተነ። እኔ ግን የተቆረጠውን ቀበቶ አንሥቼ አየሁት። የክብደት ልክ የሚጻፍበት ምልክት የለውም፤ ዳሩ ተተልትሎአል፤ ሲሚንቶ ደርቆበታል፤ ይባስ ብሎም መካከሉ ላይ ተቋጥሮአል። ካቦውን ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው «መምህር፥ አሮጌ ነው የገዛሁት፤ ግን ስንት ነገር ያነሣ ቀበቶ መሰለዎት!» አለኝ። ለምስክርነት ያቀረበው ነገር ራሱ ክስ መሆኑን አላስተዋለም።

እነዚህ ቀበቶዎች የሚሠሩት ከፖሊስተር ወይም ከናይለን ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ጠፍጣፋ ቀበቶ አዲስ ሳለ በምልክቱ ላይ የተጻፈውን ክብደት ሰባት እጥፍ መቻል አለበት። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ትርፍ ጉልበት ነው። ቀበቶው ግማሽ ኃይሉን አጥቶ እንኳ ማንሣቱን ስለማይተው፥ ያነሣው ሁሉ ደኅና መስሎ ይታየዋል፤ ትርፉ የሚያልቅበትን ቀን ግን አስቀድሞ የሚናገር የለም። ምልክቱ ሰማያዊ ከሆነ ፖሊስተር፥ አረንጓዴ ከሆነ ናይለን፥ ቡናማ ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ምልክት የሌለው ቀበቶ ምን ያህል እንደሚችል ስለማይታወቅ ለሥራ አይሆንም።

ዐይነቱን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፥ ጠላታቸው ስለሚለያይ ነው። ናይለንን የባትሪ አሲድ ይበላዋል፤ ፖሊስተር ለአሲድ ጠንካራ ሲሆን በኖራና በእርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አልካሊ ይጎዳዋል። እንግዲህ በግንባታ ቦታ ፖሊስተር ቀበቶን ሲሚንቶ ላይ ጥሎ ማደር ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ፀሐይም አለ። ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር ዐሥር በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር በጣራ ላይ ተሰጥቶ የሚከርም ቀበቶ ቀለሙ ሲገረጣና ሲደርቅ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ክብ ሆኖ በሽፋን የተሠራው ደግሞ የሚሸከመው ክር ውስጥ ስለ ሆነ፥ ሽፋኑ ተቀዶ ክሩ ከታየ መጣል እንጂ መስፋት የለም።

ስለ አስተሳሰሩ ደግሞ በሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ ያሳየሁትን ልጻፍ። 1,000 ኪሎ በሁለት እግር ቀበቶ ሲነሣ፥ እግሮቹ ከአግድሙ 60 ዲግሪ ቢቆሙ እያንዳንዱ 577 ኪሎ ይሸከማል፤ ወደ 30 ዲግሪ ቢዘቀዝቁ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን 1,000 ኪሎ ይሸከማል። አንዱ ተማሪ «ታዲያ ሁለት መሆኑ ምን ጠቀመ?» ሲል ጠየቀኝ፤ ጥያቄው ከመልሴ ይበልጥ ነበር። ቀበቶው በሸምቀቆ ሲታሰር ደግሞ የሚፈቀድለት ከአምስቱ አራት እጅ ብቻ ነው። በስለታም ጠርዝ ላይ መከላከያ ሳይደረግ ማንሣት ወይም ለማሳጠር መቋጠር በምንም መንገድ አይፈቀድም።

ጥንቃቄ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አባቴ ገበሬ ነበር፤ በሬ ከመጥመዱ በፊት ምራኑን በእጁ እየሳበ ሳይመረምር እርሻ አይጀምርም። በሦስት ክፍል ሆኖ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን የተመለሰው የአክሱም ሐውልትም በ2000 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሞአል። ጥንቃቄው የሚጎድለው ዕቃው ተራ፥ ሠራተኛውም የቀን ሠራተኛ ሲሆን ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሥራው ለሠራተኛው አደጋ እንዳይሆን ማድረግ እንዳለበት፥ ሠራተኛውም የመሣሪያ ጉድለት ሲያይ ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ጧት ተቀጥሮ ማታ የሚሰናበት ሰው «ቀበቶው ተበልቶአል» ቢል ነገ እንደማይጠራ ያውቃል። ተቆጣጣሪም ትንንሽ ከተሞችን ሲጎበኝ በበኩሌ አላየሁም። ስለዚህ እኔ ተስፋ የማደርገው በአሠሪው ቸርነት ሳይሆን በሥራ ሰጪው ገንዘብ ነው። ማዘጋጃ ቤቶች፥ ትምህርት ቤቶችና ሰበካ ጉባኤዎች የግንባታ ውል ሲፈርሙ፥ ምልክት ያለውና በየጧቱ ከሥራ በፊት በኃላፊ ሰው የታየ ቀበቶ ብቻ እንዲሠራበት፥ ያለዚያ ክፍያ እንዳይፈጸም ቢጽፉ፥ ነገሩ ባንድ ዓመት ይለወጣል። የተጣለ ቀበቶም በቢላዋ ተቆራርጦ ይጣል፤ ሙሉውን ከተጣለ አንሥቶ የሚሸጠው አይጠፋምና።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ካቦው አዲስ ቀበቶ መግዛቱን ሰምቼ ደስ ብሎኝ ላየው ሄድሁ። በእርግጥም አዲስ ነው፤ ምልክቱን ግን «እየተንጠለጠለ ያስቸግራል» ብሎ ቆርጦ ጥሎታል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
(ከአማኑኤል)